የካፌይን ክሪስታል፦ የተመዘገበ መዋቅር መቼ ይታረማል?

ከአጋሮ፣ ከሊሙ ገነት ወይም ከጌራ ተጭኖ ጅማ የሚገባ ጥሬ ቡና ከክብደቱ በመቶ አንድ ገደማው ካፌይን ነው። ካፌይን ከፍሬው ተለይቶ ሲጠራ ነጭና መራራ ሆኖ በቀጫጭን መርፌዎች መልክ ይረጋል። በእነዚህ መርፌዎች ውስጥ ሞለኪውሎቹ በምን ሥርዓት እንደተደረደሩ የሚያሳየው የመጀመሪያው ዝርዝር ጥናት የታተመው በ1958 ነው፤ በዚህ ዳሰሳ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ከዚያ ወዲህ መዝገቡ ብዙ ጊዜ ተነክቷል። የውሃው መጠን ተስተካክሏል፣ ውሃ የሌላቸው ሁለት ሌሎች ቅርጾች ተጨምረዋል፣ ሞለኪውሎቹን ያያይዛል የተባለው ደካማ ትስስርም ለሃያ ዓመት አከራክሯል።

ስለዚህ ካፌይን ለአንድ ሰፊ ጥያቄ ጥሩ መግቢያ ነው። የአንድ ቁስ መዋቅር በሊቃውንት መጽሔት ታትሞ፣ በመረጃ ቋት ገብቶ፣ በመማሪያ መጻሕፍት ከተጠቀሰ በኋላ አዲስ ማስረጃ ቢቃረነው ምን ይደረጋል? የቀድሞው ይሰረዝ? አዲሱ ይጨመር? ወይስ ሁለቱ ጎን ለጎን ይቀመጡ? መልሱ ግጭቱ ከየት እንደመጣ ከመለየት ይጀምራል። ከታች እንደሚታየው ከእነዚህ ግጭቶች ብዙዎቹ የተነሡት አንዱ ተመራማሪ ስለተሳሳተ አይደለም። ሁለት ወገኖች የተለያዩ ክሪስታሎችን በአንድ ስም ስለጠሩ ነው።

ከቀመር ወደ መዋቅር

ጀርመናዊው ኬሚስት ፍሪድሊብ ፈርዲናንድ ሩንገ ካፌይንን ከቡና ለይቶ ያወጣው በ1819 ሲሆን፣ ቡናውን የሰጠው ታዋቂው ባለቅኔ ጎተ ነበር። በ1821 ፈረንሳይ ውስጥ ሮቢኬ፣ ፔልቲየና ካቫንቱም ደረሱበት። የሞለኪውሉ ቀመር ግን ገና ብዙ ዓመት ቀርቶት ነበር። ሉድቪግ ሜዲኩስ በ1875 አንድ ቀመር አቀረበ። ኤሚል ፊሸር ሌላ ቀመር ይዞ ቆየ፤ በ1890ዎቹ ካፌይንን በላቦራቶሪ ከሠራ በኋላ ግን የራሱን ትቶ የሜዲኩስን ተቀበለ። በካፌይን ታሪክ የመጀመሪያው ትልቅ እርማት ይህ ነው፤ ያረመውም የቀድሞውን ሐሳብ ያቀረበው ሰው ራሱ ነው። ፊሸር በ1902 በዚህ ዘርፍና በስኳሮች ላይ ለሠራው ሥራ የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

ቀመር ግን የትኛው አቶም ከየትኛው ጋር እንደተያያዘ እንጂ ሞለኪውሎቹ በጠጣር ቁስ ውስጥ እንዴት እንደተቀመጡ አይናገርም። ይህን ማወቅ የተቻለው ማክስ ፎን ላወ በ1912 ኤክስሬይ በክሪስታል ሲያልፍ በሥርዓት እንደሚበተን ካሳየ በኋላ ነው። በቀጣዩ ዓመት ዊሊያም ብራግና ልጁ ሎረንስ ብራግ ከብተናው ተነሥተው የአቶሞችን አቀማመጥ ማስላት ጀመሩ። ከመጀመሪያዎቹ ውጤቶች አንዱ የገበታ ጨው ነበር። በጨው ክሪስታል ውስጥ አንድ ሶዲየምና አንድ ክሎሪን ተጣምረው የሚሠሩት «የጨው ሞለኪውል» የሚባል ነገር አልተገኘም፤ እያንዳንዱ ሶዲየም በስድስት ክሎሪን፣ እያንዳንዱ ክሎሪንም በስድስት ሶዲየም ተከቧል። የእንግሊዙ ኬሚስት ሄንሪ አርምስትሮንግ ይህን በ1927 እንኳ አልተቀበለውም፤ በኔቸር መጽሔት ላይ በብርቱ ተቃውሞ ጽፏል።

የዘዴው ባሕርይ እዚህ ላይ ሊጤን ይገባል። ክሪስታል በጥበብ ልብስ ላይ እንዳለ ጥለት ነው፤ ትንሽዋ ቅርጽ ከታወቀች ቀሪው የእርሷ ድግግሞሽ ነው። ክሪስታል አጥኚዎች ይህችን ተደጋጋሚ ክፍል ዩኒት ሴል ይሏታል። ኤክስሬይ ግን ቅርጿን በቀጥታ ፎቶ አያነሳም። መሣሪያው የሚመዘግበው በየአቅጣጫው የተበተነውን ጨረር ብርታት ብቻ ነው፤ የማዕበሎቹ የእርስ በርስ መቀዳደም፣ ማለትም ፌዝ የሚባለው መረጃ፣ ይጠፋል። ተመራማሪው የጎደለውን በስሌት ሞልቶ አንድ ሞዴል ይሠራል፤ ከዚያም ሞዴሉ የሚተነብየውን ብተና ከተለካው ጋር ያስተያያል። ስለዚህ «የተመዘገበ መዋቅር» ማለት ከመረጃው ጋር የተስማማ ሞዴል ማለት ነው። እርማት እንዲኖር የሚያስገድደውም ይኸው ነው፤ ሞዴል በተሻለ ሞዴል ይተካል፣ የተለካው ብተና ግን ባለበት ይቆያል።

አንድ ስም፣ ሦስት ክሪስታል

የ1958ቱን ጥናት ያሳተመችው በኒውዚላንድ ተወልዳ እንግሊዝ አገር የሠራችው ጁን ሱተር ናት። ያጠናችው ክሪስታል ከውሃ ውስጥ የረጋ በመሆኑ ውሃ ያዘለ ነበር። ዩኒት ሴሉ ጎኖቹ አንግስትሮም በሚባለው የአቶም ርቀት መለኪያ ወደ 14.8፣ 16.7 እና 4.0 የሚደርሱ ሲሆን አራት የካፌይን ሞለኪውሎችን ይይዛል። ካፌይኖቹ በአጭሩ ጎን አቅጣጫ ይደራረባሉ፤ በመካከላቸው ጠባብ መተላለፊያ ይቀራል፣ ውሃውም እዚያ ይቀመጣል። በ1960 ጄርዲልና ሪቻርድ ማርሽ በዚሁ መዋቅር ላይ ተመልሰው አንድ አጭር ጽሑፍ አወጡ። ማርሽ ከጊዜ በኋላ የታተሙ መዋቅሮችን በመፈተሽና በማረም በሙያው ዓለም ስሙ የገነነ ሰው ነው።

ቀጣዩ ጥያቄ የውሃው መጠን ነበር። በብዙ መጽሐፍ ቁሱ «ካፌይን ሞኖሃይድሬት» ይባላል፤ ይህም ለአንድ ካፌይን አንድ ውሃ ማለት ነው። ቦተና ካመንጋ በ1980 ያሳተሙት የሙቀትና የክብደት ጥናት ግን መጠኑ ወደ 0.8፣ ማለትም አራት አምስተኛ፣ እንደሆነ አሳየ። ኤድዋርድስና ባልደረቦቹም በ1997 የካፌይንን ልዩ ልዩ ቅርጾች እንደገና ሲመረምሩ በዚሁ መጠን ጸኑ። ውሃው በመተላለፊያው ውስጥ በየክፍሉ እኩል አይሞላም፤ ደረቅ አየር ሲያገኘውም ይወጣል። የአውሮፓ የመድኃኒት ደረጃ መጽሐፍ ሞኖሃይድሬት የሚለውን ስም እስካሁን ይጠቀማል። ስለዚህ ስሙና ይዘቱ ተለያይተው አብረው ይኖራሉ።

ውሃ አልባው ካፌይን ደግሞ ራሱ ሁለት ነው። በተለመደው የክፍል ሙቀት የሚረጋው ቤታ ይባላል። ወደ 140 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲሞቅ ወደ አልፋ ይለወጣል። አልፋው በፍጥነት ከቀዘቀዘ ወዲያው ወደ ቤታ አይመለስም፤ ለረጅም ጊዜ ባለበት ሊቆይ ይችላል። አንድ ብልቃጥ ንጹሕ ካፌይን እንዴት እንደተሠራና እንዴት እንደተቀመጠ ካልታወቀ ውስጡ ያለው የትኛው እንደሆነ በዓይን አይለይም።

የሁለቱን መዋቅር ማግኘት ግን ቀላል አልነበረም። የሚወጡት ክሪስታሎች ለነጠላ ክሪስታል ልኬት የማይመቹ፣ ቀጫጭንና የተዛቡ ነበሩ። በ2005 የፈረንሳይ ሊል ከተማ ተመራማሪዎች ከዱቄት ብተና ብቻ ተነሥተው፣ ጣሊያናውያኑ ካርሉቺና ጋቬዞቲ ደግሞ በኤክስሬይና በስሌት፣ አልፋን ገለጹ። በአልፋ ውስጥ ሞለኪውሎቹ ቦታቸውን ይዘው በአቅጣጫ ግን የተዘበራረቁ ናቸው። በ2007 ቤታ በሁለት ቡድኖች ታተመ። ሌማንና ሽቶዋሰር በዱቄት ብተና ሠሩት፤ የካናዳዎቹ ኤንራይትና ባልደረቦቹ ነጠላ ክሪስታልንና ጠንካራ ማግኔት ያለውንና የአቶም እምብርቶችን የሚመረምረውን የኤን ኤም አር መሣሪያ አጣመሩ። የቤታ ዩኒት ሴል አንዱ ጎኑ 43 አንግስትሮም ይደርሳል፤ 20 ሞለኪውሎችንም ይይዛል። ካፌይንን ያህል ለዘመናት የታወቀ ቁስ በክፍል ሙቀት የሚረጋው ቅርጹ እስከ 2007 ድረስ ሙሉ መዋቅር አልነበረውም።

እነዚህ ውጤቶች የሱተርን ሥራ አፍርሰዋል? አላፈረሱም። ሱተር ያጠናችው ውሃ ያዘለውን ነው፤ መዋቅሩም ለዚያ ክሪስታል ዛሬም ይሠራል። የ1958ቱን መዋቅር ለካፌይን ሁሉ የሚሆን አድርጎ መጥቀስ ግን ትክክል አይደለም፤ ስህተቱም የጠቃሹ ነው።

የሃያ ዓመቱ ክርክር

ሱተር በ1962 በኔቸር፣ በቀጣዩ ዓመትም በሰፊው፣ ሌላ ነገር አቀረበች። በካፌይንና በሌሎች ጥቂት ክሪስታሎች ውስጥ ከካርቦን ጋር የተያያዘ ሃይድሮጅን ወደ ጎረቤት ሞለኪውል ኦክስጅን ባልተለመደ ሁኔታ ቀርቦ ይታያል። ይህ ቅርበት በአጋጣሚ የመጣ አይደለም፣ ደካማ ቢሆንም የሃይድሮጅን ትስስር ነው አለች። በዘመኑ የሃይድሮጅን ትስስር ከናይትሮጅን፣ ከኦክስጅንና ከመሰሎቻቸው ጋር ብቻ ይታሰብ ስለነበር ሐሳቡ ደፋር ነበር።

አሜሪካዊው ጄሪ ዶነሂው በ1968 ሐሳቡን ክፉኛ ነቀፈ። ክርክሩ በልኬቱ ላይ አልነበረም፤ ርቀቶቹን ሁለቱም ተቀብለዋል። ጥያቄው «ቅርብ» የሚባለው ከስንት በታች ነው የሚለው ነበር። ዶነሂው ሳይተሳሰሩ ሊቀራረቡ የሚችሉበትን ወሰን በሌላ መንገድ ስላሰላ በሱተር ሰንጠረዥ ውስጥ ምንም ልዩ ነገር አላየም። ይህ ሰው ተራ ተቺ አልነበረም፤ በ1953 ዋትሰንና ክሪክ የዲኤንኤን መሠረቶች በተሳሳተ ቅርጽ ሲስሉ ያረማቸው እርሱ ነው። ዝናው ክብደት ነበረውና ርዕሱ ለዓመታት ተዳፈነ። ሱተርም ወደ ኩላሊትና ሽንት ፊኛ ጠጠሮች ጥናት ተሻገረች።

ጉዳዩ እንደገና የተነሣው በ1982 ነው። ሮቢን ቴይለርና ኦልጋ ኬናርድ በኒውትሮን ብተና የተጠኑ 113 መዋቅሮችን ሰብስበው መረመሩ። ኤክስሬይ የሚበተነው በኤሌክትሮኖች ስለሆነ ባለ አንድ ኤሌክትሮኑን ሃይድሮጅን በደብዛዛው ነው የሚያየው። ኒውትሮን ግን የአቶሙን እምብርት ስለሚነካ የሃይድሮጅኑን ቦታ በጥራት ያሳያል። ውጤቱ የሱተርን አባባል ደገፈ፤ ትስስሩ ዛሬ በኬሚስትሪም በሕይወት ሳይንስም የታወቀ ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ክርክሩን የፈታው በሥልጣን የበለጠ ሰው አይደለም። ደካማውን ነጥብ፣ የሃይድሮጅንን ቦታ፣ በቀጥታ የሚያይ ሌላ መሣሪያ መጥቶ፣ በአንድ ሳይሆን በብዙ ክሪስታሎች ላይ ተሞክሮ ነው።

እርማት ስንት ዓይነት ነው?

የካፌይን ታሪክ ከሌሎች ቁሶች ታሪክ ጋር ሲነጻጸር ቢያንስ አምስት የተለያዩ ጉዳዮች «የመዋቅር እርማት» በሚለው አንድ ስም ሥር ተጠቃለው ይገኛሉ።

የመጀመሪያው የዚያኑ መረጃ የተሻለ ንባብ ነው። ማርሽ በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም ሆኖ ለአሥርተ ዓመታት ያደረገው ይህንን ነበር። ደራሲዎቹ ያላስተዋሉት ሲሜትሪ ሲኖር ሞዴሉ ያለአስፈላጊነት ብዙ ቁጥሮችን ይሸከማል፤ እኩል መሆን የሚገባቸው የትስስር ርዝመቶችም ያለ ምክንያት ይለያያሉ። ማርሽ አዲስ ሙከራ ሳያስፈልገው የታተሙትን ቁጥሮች ብቻ ይዞ ትክክለኛውን ሲሜትሪ ያሳይ ነበር። እንዲህ ያለው እርማት ብዙውን ጊዜ የሞለኪውሉን ማንነት አይለውጥም፤ ርዝመቶችንና ማዕዘኖችን ያጠራል።

ሁለተኛው የናሙናው ማንነት ነው። በ1970ዎቹ መግቢያ አንድ የሞሊብዲነም ውሕድ ሰማያዊና አረንጓዴ ሆኖ ተገኘ፤ ሁለቱ የሚለያዩት በአንድ ትስስር ርዝመት ብቻ ነው ተብሎም አዲስ የኬሚስትሪ ክስተት ታወጀ። በ1991 የፓርኪን ቡድን እንዳሳየው አረንጓዴው ክሪስታል በውስጡ ሌላ ተመሳሳይ ቁስ የተቀላቀለበት ሰማያዊ ነበር። ኦክስጅን መሆን በነበረበት ቦታ አንዳንዴ ክሎሪን ስለተቀመጠ የተለካው ርዝመት የሁለቱ አማካይ ሆኗል። መሣሪያውም ስሌቱም ትክክል ነበሩ፤ ናሙናው ንጹሕ አልነበረም።

ሦስተኛው አንድ ክሪስታል ሁለት መዋቅሮችን አቅፎ ሲገኝ ነው። የአስፕሪን መዋቅር ከ1964 ጀምሮ ይታወቅ ነበር። በ2005 ሁለተኛ ቅርጽ ተገኘ ተባለ። በ2007 ቦንድ፣ ቦይዘና ዴሲራጁ ነገሩን ሲመረምሩ በአንዱ ክሪስታል ውስጥ የሁለቱ አደራደር ንብርብሮች ተሰካክተው አገኙ። «የትኛው ነው ትክክል?» የሚለው ጥያቄ እዚህ ላይ «በምን ያህል መጠን?» ወደሚል ተለወጠ።

አራተኛው ግልጽ የስሌት ስህተት ነው። በአሜሪካ የሠራው ጄፍሪ ቻንግ በሕዋስ ሽፋን ላይ ያሉ አጓጓዥ ፕሮቲኖችን መዋቅር ከ2001 ጀምሮ በታላላቅ መጽሔቶች አሳትሞ ነበር። በ2006 ዶውሰንና ሎከር ስዊዘርላንድ ውስጥ የአንድ ዘመድ ፕሮቲን መዋቅር ሲያወጡ ፍጹም የማይጣጣም ሆነ። ሲጣራ በላቦራቶሪው የተጻፈ አንድ ፕሮግራም የመረጃ ዓምዶችን ቦታ ማለዋወጡ ታወቀ፤ አምስት ጽሑፎችም በደራሲዎቹ ተሳቡ። ትክክለኛው ምላሽ እዚህ ላይ መሰረዝ ነበር፤ የታተመው መዋቅር በተፈጥሮ የማይገኝ ስለሆነ።

አምስተኛው የትርጉም ልዩነት ነው፤ የሱተርና የዶነሂው ክርክር የዚህ ምሳሌ ነው። አቶሞቹ ያሉበት ቦታ ላይ ስምምነት አለ፤ አለመግባባቱ ቦታው ምን ማለት እንደሆነ ላይ ነው።

አምስቱን መለየት የቃላት ጨዋታ አይደለም። የስሌት ስህተትን እንደ ሌላ ቅርጽ ቆጥሮ በመዝገብ ማቆየት ተከታዩን ተመራማሪ ያሳስታል። ሌላ ቅርጽን እንደ ስህተት ቆጥሮ መሰረዝም እውነተኛ ግኝትን ያጠፋል።

መዝገቡን በተመለከተ ያሉ አቋሞች

በሙያው ውስጥ ስለ መዝገብ አያያዝ ሦስት ዝንባሌዎች ይታያሉ።

አንደኛው ወገን የታተመ መዋቅር ታሪካዊ ሰነድ ነው ይላል። በተወሰነ ቀን፣ በተወሰነ ናሙና ላይ፣ በተወሰነ ሙቀት የተደረገ ልኬት ስለሆነ አይነካም፤ እርማቱ ከጎኑ ይቀመጣል። በ1965 በኦልጋ ኬናርድ መሪነት የተመሠረተው የኬምብሪጁ የክሪስታል መረጃ ማዕከል በመሠረቱ በዚህ መንገድ ይሠራል። እያንዳንዱ ቁስ ባለ ስድስት ፊደል መለያ ይሰጠዋል፤ ጥናቱ በተደገመ ቁጥር በመለያው መጨረሻ ቁጥር ይታከላል። ውሃ ያዘለው ካፌይንና ውሃ አልባው የተለያየ መለያ አላቸው። አልፋና ቤታ ግን በአንድ ቤተሰብ መለያ ሥር ናቸው፤ በኬሚስትሪ አንድ ቁስ ስለሆኑ። ስለዚህ ስድስቱን ፊደላት ብቻ አይቶ መዋቅሩን የወሰደ ሰው የማይፈልገውን ቅርጽ ሊያገኝ ይችላል። በ2019 ማዕከሉ አንድ ሚሊዮንኛውን መዋቅር መዝግቧል፤ ይህን ሁሉ አንድ በአንድ የሚያጣራ ዓይን ማግኘት ከባድ ነው።

ሁለተኛው ወገን መዝገብ መሣሪያ ነው ይላል። መድኃኒት ሠሪው፣ የስሌት ኬሚስቱና ተማሪው የሚፈልጉት ዛሬ የተሻለ የሚባለውን ነው፤ ሁሉም የክርክሩን ታሪክ እንዲያነብ አይጠበቅም። ስለዚህ የታወቀ ስህተት ያለበት ግቤት በግልጽ ምልክት ሊደረግበት፣ የተሻለው ደግሞ ቀድሞ ሊታይ ይገባል።

ሦስተኛው ወገን ክብደቱን ከኅትመት በፊት ባለው ማጣሪያ ላይ ያደርጋል። ከ1990ዎቹ ጀምሮ የዓለም አቀፉ የክሪስታሎግራፊ ኅብረት መጽሔቶች መረጃው በአንድ ወጥ የፋይል ሥርዓት እንዲቀርብና በኮምፒውተር እንዲፈተሽ ጠይቀዋል፤ የደቹ አንቶን ስፔክ የሠራው ፕሮግራም የማርሽን ዓይነት ፍተሻ ብዙውን በራሱ ያከናውናል። ማጣሪያው ግን ወሰን አለው። በ2010 መግቢያ ላይ የኅብረቱ አንድ መጽሔት ከአንድ የቻይና ዩኒቨርሲቲ የመጡ በርካታ መዋቅሮች የሐሰት ሆነው መገኘታቸውን አስታወቀ፤ ከእውነተኛ ክሪስታል የተለካ መረጃ ተወስዶ የአቶሞቹ ስም ተቀይሮ ነበር የቀረቡት። ፕሮግራም የሚያየው ቁጥሮቹ እርስ በርስ መስማማታቸውን ነው። ናሙናው የተባለው ቁስ መሆኑን የሚያረጋግጠው ሌላ ማስረጃ፣ ማለትም የክብደት ትንተና፣ የሙቀት ልኬት ወይም ኤን ኤም አር ነው።

በፍሬው ውስጥ ያለው የትኛው ነው?

ለቡና አገር ሰው የሚቀርበው ጥያቄ ከሦስቱ ቅርጾች የትኛው በጥሬው ቡና ውስጥ አለ የሚለው ነው። ማስረጃው የሚያመለክተው አንዳቸውም አለመሆናቸውን ነው። ጎርተር የተባለ ኬሚስት በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከቡና ፍሬ ካፌይን፣ ፖታሲየምና ክሎሮጀኒክ አሲድ አንድ ላይ የተያያዙበትን ውሕድ አውጥቷል። ማርቲንና ባልደረቦቹ በ1987 ስለዚሁ ውሕድ ባወጡት ጥናት የካፌይኑ ጠፍጣፋ ሞለኪውል ከአሲዱ ቀለበት ጋር ፊት ለፊት ተደራርቦ እንደሚቀመጥ ገልጸዋል። በ1996 ቫልድሃውዘርና ባውማን ደግሞ በቡና ሕዋስ ውስጥ ካፌይን ቫኩዮል በሚባለው የሕዋሱ ከረጢት ተጠራቅሞ የሚቀረው ከክሎሮጀኒክ አሲዶች ጋር ስለሚያያዝ ነው የሚል ውጤት አቀረቡ።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከፍሬው የወጣ ውሕድ በብልቃጥ ውስጥ ክሪስታል መሥራቱ በሕዋሱ ውስጥም በዚያው ቅርጽ እንደሚገኝ አያረጋግጥም። በሕያው ፍሬ ውስጥ ያለው በፈሳሽ የተሟሟ ትስስር ነው፤ ጀንፈል ሆኖ ደርቆ ሲቆይ ደግሞ ውሃው ይቀንሳል። በማድረቅ፣ በማጠብና በመቁላት ሂደት ትስስሩ ምን እንደሚሆን ከአንድ ክሪስታል መዋቅር ብቻ ማወቅ አይቻልም።

ከጅማ ላቦራቶሪ አንጻር

ይህ ሁሉ በ1952 በእርሻ ኮሌጅነት ጀምሮ በ1999 ዩኒቨርሲቲ ለሆነው የጅማ ተቋም፣ ወይም ለመልኮው የግብርና ምርምር ማዕከል ምን ይጠቅማል? ጥቅሙ በሚዛን ላይ ይታያል።

የካፌይን መጠን ሲለካ ናሙናው ከታወቀ ንጹሕ ካፌይን ጋር ይነጻጸራል። ያ ማነጻጸሪያ ውሃ ያዘለ ከሆነና ውሃ አልባ ተደርጎ ከተመዘነ፣ ከተመዘነው ውስጥ 7 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው። ሞኖሃይድሬት የሚለውን ስም አምኖ ውሃውን የቀነሰ ባለሙያ ደግሞ 8.5 በመቶ ይቀንሳል፤ እውነተኛው መጠን 0.8 ከሆነ ከሚገባው በላይ ቀንሷል። ክረምቱ በሚረዝምበትና አየሩ በሚረጥብበት አካባቢ ውሃ አልባው ካፌይን ክዳኑ በላላ ብልቃጥ ውስጥ ውሃ ሊስብ ይችላል፤ በበጋ ደግሞ ውሃ ያዘለው ይደርቃል።

7 በመቶ ትልቅ ነው ወይስ ትንሽ? በሚጠየቀው ጥያቄ ይወሰናል። አበበ በላይና ባልደረቦቹ በ2008 ባሳተሙት ጥናት የቤንች ማጂ ቡና 1.10፣ የጌዴኦ ይርጋጨፌ 1.01፣ የቴፒ 1.07፣ የጎደሬ 1.19 በመቶ ካፌይን እንዳላቸው ለክተዋል። በቤንች ማጂና በቴፒ መካከል ያለው ልዩነት ወደ 3 በመቶ ብቻ ነው። ሁለቱ በአንድ ማነጻጸሪያ ስለተለኩ የማነጻጸሪያው ጉድለት ቢኖር እንኳ ሁለቱንም እኩል ስለሚነካ የእርስ በርስ ቅደም ተከተላቸው አይናወጥም። ችግሩ የሚመጣው የአንዱ ላቦራቶሪ ቴፒ ከሌላው ላቦራቶሪ ቤንች ማጂ ጋር ሲነጻጸር ነው፤ የማነጻጸሪያው ቅርጽ ካልተጻፈ የ3 በመቶው ልዩነት የቡናው ይሁን የብልቃጡ አይታወቅም።

በሌላ በኩል በ2004 የብራዚሉ ካምፒናስ ተመራማሪዎች ካፌይን የለሽ ሊባሉ የሚችሉ የአረቢካ ተክሎች ማግኘታቸውን አሳውቀዋል። ዘሩ በ1964 የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ባሰማራው ተልእኮ ከኢትዮጵያ የተሰበሰበ ነው። መጠኑ 0.076 በመቶ ሲሆን ከተለመደው ከ15 እጥፍ በላይ ያንሳል። እንዲህ ላለ ልዩነት የ7 በመቶ ጥያቄ ምንም አይለውጥም። የመዋቅር እርማት የሚያሳስበው በጠባብ ልዩነት ላይ ሰፊ መደምደሚያ ሲገነባ ነው።

ያልተዘጉ ነጥቦች

ሦስት ነገሮች አሁንም ያከራክራሉ። የመጀመሪያው መዘበራረቅ ነው። በአልፋ ካፌይን ውስጥ ሞለኪውሎቹ አቅጣጫቸው ስለተቀላቀለ ብተናው የሚያሳየው አማካዩን ብቻ ነው። ከፍ ያለ ሲሜትሪ ያለው አማካይ መዋቅር ትክክል ነው፤ ግን አንድም ሞለኪውል በዚያ አማካይ ቅርጽ አይቀመጥም። ኤን ኤም አር የሚያየው የአቅራቢያውን ሁኔታ ስለሆነ ሁለቱ ሲለያዩ አንዱ ሌላውን አረመ ለማለት ያስቸግራል፤ የሚመልሱት ጥያቄ የተለያየ ነው።

ሁለተኛው የስሌት ቦታ ነው። ዛሬ ኮምፒውተር የአንድን ሞለኪውል ሊሆኑ የሚችሉ አደራደሮች በኃይል መጠን ደረጃ ይሰጣል። የተመዘገበ መዋቅር በስሌቱ መሠረት የማይረጋ ከሆነ አንዳንዶች ለመጠርጠር በቂ ነው ይላሉ። ሌሎች ደግሞ እንደ አልፋ ካፌይን ባሉት፣ በሙቀትና በመዘበራረቅ በሚረጉ ቅርጾች፣ ስሌቱ ራሱ ሊሳት እንደሚችል ያስገነዝባሉ።

ሦስተኛው የፍጥነት ጉዳይ ነው። በ2023 የበርክሊ ተመራማሪዎች በሮቦትና በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራ ላቦራቶሪ በ17 ቀናት 41 አዳዲስ ቁሶችን እንደሠራ በኔቸር አሳተሙ። በ2024 የለንደኑ ሮበርት ፓልግሬቭና የፕሪንስተኗ ሌስሊ ሹፕ ከባልደረቦቻቸው ጋር የዱቄት ብተናውን መረጃ መርምረው አዲስ ቁስ አልተገኘም ሲሉ ደመደሙ፤ ብዙዎቹ አቶሞቻቸው ቦታ የተለዋወጡባቸው፣ ቀድሞ የሚታወቁ ቁሶች ናቸው አሉ። ክርክሩ ከዱቄት ብተና ብቻ ሥርዓት ያለውን ከተዘበራረቀው መለየት ይቻላል ወይ በሚለው ላይ ነው፤ ይህም የካፌይን ተመራማሪዎች በ2005 እና በ2007 የገጠማቸው ጥያቄ ነው። እነርሱ ዱቄቱን፣ ነጠላ ክሪስታሉን፣ ኤን ኤም አሩንና ስሌቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነበረባቸው። በቀን ብዙ መዋቅር የሚያወጣ ላቦራቶሪ ለእያንዳንዱ ይህን ያህል ማስረጃ ማቅረብ ይችል እንደሆነ፣ ካልቻለም ውጤቱ በመዝገብ ውስጥ በምን ስም እንደሚገባ ገና አልተወሰነም።